ገበር ውስጥ የገባው ሽቦ

የሰደበኝ የእህቴ ባል ነው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ እሁድ ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ፣ በእናቴ ሳሎን ውስጥ። ሰዓቱን እንዴት አስታወስከው የሚለኝ ካለ፣ ስሰደብ የግድግዳውን ሰዓት እያየሁ ስለነበር ነው። ሌላ የማየው አልነበረኝም፤ የሰው ፊት ማየት አቅቶኝ ነበር።

የእናቴ ሳሎን መብራት በራ ጠፋ፣ በራ ጠፋ እያለ አስቸገረ። የማብሪያ ማጥፊያውን ክዳን ፈትቼ የላላውን ብሎን ላጠብቅ ካቻቢቴ ይዣለሁ። እሱ ከሶፋው ተነሳና ካቻቢቴውን ከእጄ ወሰደው። ተቀበለኝ አላልኩም፤ ወሰደው ነው ያልኩት። ከዚያ ወደ ዘመድ አዝማዱ ዞሮ፣ “አንተ መርፌህን ያዝ፤ ይሄ የተማረ ሰው ሥራ ነው” አለ። ሳሎኑ ውስጥ አሥራ አንድ ሰው ነበር። ሁሉም ሳቀ። እናቴም ሳቀች። ክፉ ሴት አልነበረችም፣ ነፍሷን ይማር፤ ግን ሳቀች። ከዚያን ቀን ጀምሮ እሱ ስሜን ጠርቶ አያውቅም፤ “መርፌ” ነው የሚለኝ።

እሱ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው፣ ወረቀት ያለው ባለሙያ። ፈቃዱን በፍሬም አስገብቶ ከቴሌቪዥኑ በላይ ሰቅሎታል። ቤተሰቡ “ኢንጂነሩ” ይለዋል፣ ኢንጂነር ሳይሆን። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው፤ ደብተር የሚገዛው ለአንድ ልጅ ብቻ ነው ብሎ አባቴ ታላቄን ስለመረጠ። እሱንም አልረሳሁትም፤ ግን የዛሬው ጉዳይ የአባቴ አይደለም።

ከዚያ እሁድ በኋላ በቤቴ ውስጥ መብራት ነክ ነገር ሌላ ሰው እንዲነካ አልፈቀድኩም። አምፖል እኔ፣ ሶኬት እኔ፣ የበር ደወል እኔ። እውነቱን ለመናገር መጥፎ አልነበርኩም። ዋናውን ሳልዘጋ ሽቦ ነክቼ አላውቅም። አንድ ነገር ከመፍታቴ በፊት የትኛው ሽቦ የት እንደገባ በወረቀት እስለዋለሁ፤ የሰው ኮት ከመተርተሬ በፊት እንደማደርገው ማለት ነው። የተሰበረ ማብሪያ አውጥቶ ያንኑ ዓይነት መተካት፣ የጠቆረ ሶኬት መቀየር፣ ይሄ ጥንቁቅ እጅ ያለው ሰው ሁሉ የሚሠራው ነው። ባለቤቴ ግን አላመነችብኝም። “አንድ ቀን ሁላችንንም እንደ ካውያ ታቃጥለናለህ” ትለኝ ነበር፣ እየሳቀች። ሳቋን ለይቼ አውቀዋለሁ፤ የቀልድ ሳቅ አልነበረም።

ልጃችን አራስ ናት። ከወለደች ሦስተኛ ሳምንቷ ነው፤ ባሏ ሥራው ሩቅ ስለሆነ እኛ ጋ ነው የተኛችው። ውሃ በድስት እያሞቁ ሕፃን ማጠብ ሰለቻቸውና እናትና ልጅ ተማክረው የውሃ ማሞቂያ ገዙ። እኔ “እሁድ እገጥመዋለሁ” አልኩ። ባለቤቴ ዝም አለች። እሷ ዝም ስትል ነገር እንዳለ አውቃለሁ፤ ግን አልጠየቅኩም። ማክሰኞ ጠዋት ወደ ሱቄ እንደወጣሁ ለኢንጂነሩ ደወለችለት።

ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት፣ አምስት ሰዓት ላይ። የአንድ ጥበቃ ሠራተኛ ሱሪ የስፌት መኪናዬ ላይ ዘርግቼ ኪሱን እያደስኩ ነበር። ከጎኔ አዝራር የምትተክለው ሴትዮ ተቀምጣለች። አሥራ አራት ዓመት አብረን ሠርተናል፤ ምላሷ ከመርፌዋ ይሾላል። ስልኩ ጮኸ።

“አትቆጣ” አለች ባለቤቴ።

“ምን ተፈጠረ?”

“መጀመሪያ አልቆጣም በል።”

“ሕፃኑ ደህና ነው?”

“ሁሉም ደህና ነው። አማችህ መጥቶ ማሞቂያውን እየገጠመልን ነው።”

ዝም አልኩ።

“ይኸው ተቆጣ!”

“አልተቆጣሁም።”

“ደግሞ ስማ፣ አመሰገነህ እኮ። ሻወር ቤት ያለውን የሽቦ ሳጥን ሲከፍት፣ ‘እንዴ፣ ይሄ ቤት ምድር ሽቦም አለው እንዴ! ይሄን የዘረጋ ሰው ጠንቃቃ ነው’ አለ። ‘ባለቤቴ ነው እዚያ ውስጥ ሲገባ ሲወጣ የነበረው’ አልኩት። ‘ተይ እንጂ! ታዲያ ሰውዬው ተምሯላ’ አለ። በጆሮዬ ነው የሰማሁት።”

ስልኩን ዘጋሁ። እና ምን ልዋሽ፣ ደስ አለኝ። ለአንድ ደቂቃ ያህል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከዚያ ሰው አፍ ያልወጣ ነገር ነው የወጣው።

“ምን ተገኘ? ጥርስህ ታየ” አለች ባለ አዝራሯ።

“ምንም።”

“እኔማ የሌለህ ነበር የመሰለኝ።”

መኪናውን ረገጥኩ። መርፌው ሦስት አራት ጊዜ ወረደና እግሬ ቀጥ አለ። ያ ሳጥን ውስጥ ምድር ሽቦ የለም።

ምድር ሽቦ ማለት፣ ዕቃ ተበላሽቶ ኤሌክትሪኩ ወደ ብረቱ ሲያመልጥ፣ ሰው ላይ ከመድረሱ በፊት ወደ መሬት ይዞት የሚወርድ ሽቦ ነው። ቀለሙ አረንጓዴና ቢጫ ነው። ያ ቀለም ለሌላ ሥራ አይውልም፤ ይሄን ትናንት ሥራ የጀመረ ሰው ያውቀዋል። እኔም አውቀው ነበር።

ቤቱን የሠሩት ሰዎች ለማሞቂያ ብለው ሁለት ወፍራም ሽቦ ብቻ ነበር የተዉት። አረንጓዴውና ቢጫው የእኔ ነው። ልጄ ትዳር ከመያዟ በፊት፣ የዛሬ ሦስት ዓመት፣ “ፊቴን በደንብ አላየውም” ብላ ሻወር ቤቱ መስተዋት ላይ መብራት ፈለገች። ከበሩ ውጭ ማብሪያ ተከልኩ። ከማብሪያው ቀይ ሽቦ አስነስቼ፣ በኮርኒሱ ላይ አድርጌ፣ በዚያው ሳጥን አሳልፌ ወደ መስተዋቱ ላወርደው ነበር። ኮርኒሱ ላይ ስደርስ ቀዩ አለቀብኝ። አራት ክንድ ጎደለኝ። ሱቁ ዝግ ነው። እቤት የተረፈኝ ጥቅል አረንጓዴና ቢጫው ብቻ ነበር።

ያን ጊዜ ያሰብኩት ልብስ ሰፊ የሚያስበውን ነው። ኮት ስትሰፋ በውጭ በኩል ክሩ ከጨርቁ ጋር መግጠም አለበት፤ አለበለዚያ ባለቤቱ ፊትህ ላይ ይወረውርልሃል። ገበር ውስጥ ለሚገባው ስፌት ግን እጅህ ላይ ያለውን ክር ትጨርስበታለህ። ሰማያዊ ይሁን ሮዝ ማን ገልብጦ ያያል? ሠላሳ ዓመት እንዲህ ሰፍቻለሁ፣ አንድም ሰው አልወቀሰኝም። ግድግዳውም ለእኔ ገበር ነበር። ቀዩን ከአረንጓዴው ጋር ኮርኒሱ ላይ አጠማዝዤ፣ በናስትሮ ጠቅልዬ፣ በሳጥኑ አሳልፌ አወረድኩት። መብራቱ በራ። ልጄ ሳመችኝ። እኔም ረሳሁት።

እንግዲህ ኢንጂነሩ ያን ሽቦ ምድር ነው ብሎ፣ ልጦ፣ የማሞቂያውን ብረት አስሮበታል ማለት ነው። የመስተዋቱ መብራት እስካልበራ ድረስ ምንም አይሆንም። ሰው ማብሪያውን የነካ ዕለት ግን የማሞቂያው ብረት፣ ቧንቧው፣ የውሃ መክፈቻው ሁሉ ኤሌክትሪክ ይሆናል። ልጄ ደግሞ ያንን መብራት ነው የምታበራው፤ የጣሪያው የሕፃኑን ዓይን ይወጋዋል ብላ ትታዋለች።

ማድረግ ያለብኝ ነገር ግልጽ ነበር። ስልክ አንስቶ፣ “አረንጓዴው ሽቦ ምድር አይደለም፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁት” ማለት። ሰባት ቃል ነው። ሰባቱንም ምላሴ ላይ ደረደርኳቸው። ከዚያ ሳቁ መጣብኝ፤ የዚያ ሳሎን ሳቅ። ገና አሁን “ተምሯል” ያለው አፍ፣ በሚቀጥለው እሁድ ለአሥራ አንድ ሰው ምን ብሎ እንደሚያወራኝ ሰማሁት።

ደወልኩ። አነሳች።

“የመስተዋቱን መብራት እንዳታበሩ።”

“ለምን?”

“አምፖሉ… አምፖሉ ልክ አይደለም። ሊፈነዳ ይችላል።”

“አንተ የገጠምከው አይደል? ይፈነዳላ።”

“አታብሩት ብያለሁ!”

“እሺ ጌታዬ፣ ምን ያስጮህሃል?”

ከኋላዋ የሰውዬው ሳቅ ይሰማኛል። በምን እንደሚስቅ እንጃ። ስልኩን አስቀምጬ ወደ ሱሪው ተመለስኩ። በቃ፣ ተናግሬያለሁ አልኩ በሆዴ። መብራቱ ካልበራ ማንንም አይጎዳም። ሰውዬው ይሄዳል፤ እኔ ገብቼ አስተካክለዋለሁ፤ ማንም አያውቅም።

ግን ስፌቱ አልሄድ አለ። ክሩ ሁለቴ ተበጠሰ። መርፌ ሰበርኩ። ተነስቼ መቀሱን ፈለግኩ፣ መቀሱ እጄ ላይ ነው። በሩ ላይ ቆሜ መንገዱን አየሁ፣ ተመልሼ ተቀመጥኩ፣ እንደገና ተነሳሁ።

ባለ አዝራሯ ሱሪውን ከመኪናው ላይ ሳብ አድርጋ አየችው። “ይሄ ጥበቃ እጁን የት ሊከት ነው?”

አየሁት። የኪሱን አፍ ጥርቅም አድርጌ ሰፍቼዋለሁ።

“ከሚስትህ ተጣልተሃል?”

“አልተጣላሁም።”

“ታዲያ ከማን?”

“ከራሴ ጋር።”

“እሱማ የዘወትር ነው” አለችና አዝራሯን ቀጠለች። ትንሽ ቆይታ ግን አንገቷን ቀና አደረገች። “የምር ምን ሆነሃል? ላብህ ጨርቁ ላይ እየተንጠባጠበ ነው።”

ምን እንደሆንኩ እየገባኝ ነበር። ለባለቤቴ ነገርኩ፤ ባለቤቴ ለልጄ ነግራታለች? ደወልኩ፣ አታነሳም። እንደገና ደወልኩ፤ ይጮሃል፣ ይጮሃል፣ ዝም። ልጄ ጋ ደወልኩ፤ እሷ ሕፃኑ ሲተኛ ስልኳን ድምፅ ታሳጣዋለች። አሁን የቀረኝ አንድ ቁጥር ነው። የኢንጂነሩ ቁጥር ስልኬ ውስጥ አለ፤ እህቴ ናት የመዘገበችልኝ፤ አንድም ቀን ደውዬለት አላውቅም። አወጣሁት። አውራ ጣቴን ቁጥሩ ላይ አሳረፍኩ። አልጫንኩም። ይሄን የምጽፈው ሰው እንዲያዝንልኝ አይደለም። አልጫንኩም፤ ይሄው ነው።

ተነስቼ ወጣሁ።

“የት ነው?” አለች።

“መጣሁ።”

“ሜትር አንገትህ ላይ አንጠልጥለህ?”

ከሱቄ እስከ ቤቴ በእግር ሩብ ሰዓት ነው። መጀመሪያ ፈጠን ፈጠን አልኩ። ከዚያ መንገዱ መታጠፊያ ላይ ካለው የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር ስደርስ እግሬ ያዘኝ። የሽቦ ጥቅልሎቹ እንደ ክር ማጠንጠኛ በቀለም በቀለማቸው ተደርድረዋል። ቀዩ ከፊት ነው። ባለ መደብሩ ያውቀኛል።

“ጋሼ፣ ዛሬስ ምን ሊጠግኑ ነው?”

“ቀይ ሽቦ። ስምንት ክንድ።”

ይኸውላችሁ፣ እዚያም ደርሼ ያሰብኩት ይሄንን ነው። ሽቦውን በኪሴ ይዤ እገባለሁ፤ “ደህና ዋላችሁ” እላለሁ፤ ሰውዬው ዕቃውን ሰብስቦ እስኪሄድ እጠብቃለሁ፤ ከዚያ ኮርኒሱ ላይ ወጥቼ አረንጓዴውን አውጥቼ ቀዩን እዘረጋለሁ። ባለ መደብሩ ጥቅሉን አወረደ፣ ጫፉን ፈለገ፣ በክንዱ መለካት ጀመረ። አንድ። ሁለት። ሦስት ላይ ሲደርስ ሰው ገብቶ ስለ አምፖል ጠየቀው፤ መለሰለት፤ የት እንደደረሰ ጠፋበትና ከአንድ ጀመረ። ግድግዳው ላይ ሰዓት አለ። ለስድስት ሰዓት ሰባት ደቂቃ ጉዳይ ይላል።

ሕፃኑን የሚያጥቡት ስድስት ሰዓት ላይ ነው።

“ጋሼ! ሽቦውስ?” ሲል ሰማሁት። ሮጬ ነበር። የሃምሳ ስምንት ዓመት ሰው ነኝ፣ ጉልበቴም ደህና አይደለም፤ ሰው ሁሉ ዞር እያለ ያየኛል፤ ሜትሬ ደረቴ ላይ ይገላበጣል። አንዱ “ሌባው በየት ሄደ?” ብሎ ጠየቀኝ። ሌባውስ እኔ ነበርኩ።

የግቢው በር ክፍት ነው። ኢንጂነሩ ጥላ ስር በርጩማ ላይ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። የዕቃ ቦርሳው እግሩ ስር ተዘግቶ ተቀምጧል።

“ኦ፣ መርፌ! ና እስቲ፣ ሙቅ ውሃ ታጠብ፤ ዛሬ በእኔ ነው” አለኝ።

አልፌው ገባሁ። ኮሪደሩ ላይ ልጄ ናት። ሕፃኑን በፎጣ ጠቅልላ ግራ ክንዷ ላይ ይዛዋለች። ሻወር ቤቱ በር ገርበብ ብሏል፤ የማሞቂያው ቀይ መብራት ውስጥ በጨለማው ይታያል። ቀኝ እጇ ማብሪያው ላይ ሊያርፍ ነው።

“አትንኪው!”

ከእኔ እንደዚያ ያለ ድምፅ ወጥቶ አያውቅም። ልጄ ወደ ኋላ ተስፈንጥራ ግድግዳውን ተደገፈች፤ ሕፃኑ ጮኸ። በአጠገቧ አልፌ ዋናውን ማጥፊያ ወደ ታች መታሁት። ፍሪጁ ዝም አለ። ቤቱ ሁሉ ዝም አለ፤ ከሕፃኑ በቀር።

“አባዬ፣ ምን ሆነህ ነው? ልታስደነግጠኝ ነው?”

“እናትሽ መብራቱን አታብሪ አላለችሽም?”

“ብላኛለች፤ አምፖሉ ሊፈነዳ ይችላል ብሏል አለችኝ። ጋሼ ኢንጂነሩን ጠየቅኩት፤ አምፖሉን አውጥቶ አየውና ‘ምንም አልሆነም፣ አብሪው’ አለኝ።”

ለካ ውሸቴ ወዲያው ተመርምሮ ወድቋል። ስለ አምፖል ዋሸሁ፣ አምፖሉን መረመሩት፤ ደህና ሆኖ ተገኘ። ኮሪደሩ ላይ ያለች ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ።

ኢንጂነሩ የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘ ገባ። ባለቤቴም ሳሙና ልትገዛ ወጥታ ኖሮ በዚያው ሰዓት ደረሰች። ሦስቱም እላዬ ላይ ቆሙ።

“ማን ነው ያጠፋው?” አለ።

“እኔ ነኝ።”

“ለምን?”

“አረንጓዴው ሽቦ ምድር አይደለም።”

“ምን አልክ?”

“የመስተዋቱ መብራት ነው። እኔ ነኝ የዘረጋሁት። ቀዩ ቢያልቅብኝ በአረንጓዴ ጨረስኩት።”

ብርጭቆውን መስኮቱ ላይ አስቀመጠ። ፊቱ እንደ ነጣ ሸራ ሆነ። ወደ ሻወር ቤቱ አየ፣ ወደ ልጄ አየ፣ ወደ ሕፃኑ አየ። ከዚያ ሴቶቹ እያዩት እንደሆነ አስታወሰ መሰለኝ፣ ድምፁ ከየት እንደሆነ ሳይታወቅ መጣ።

“ሰማችሁ? ሰማችሁ አይደል? ዘጠኝ ዓመት ስናገር! ሰው በቤቱ አምፖል ይቀይር። ማብሪያ ይቀይር፤ ዋናውን ዘግቶ ሶኬትም ይቀይር፤ ማን ከለከለው? ግድግዳ ውስጥ የሚገባ አዲስ መስመር ግን የባለሙያ ነው! ውሃ ያለበት ክፍል የባለሙያ ነው! የቆጣሪው ሳጥን የባለሙያ ነው! ለምን መሰለህ? ከአንተ በኋላ የሚመጣው ሰው ቀለሙን አይቶ ነው የሚያምነው። ግድግዳ ውስጥ ውሸት ቀብረህ ሦስት ዓመት ተኛህ!”

“አምላኬ” አለች ባለቤቴ፣ ሳሙናውን ደረቷ ላይ አድርጋ። “አንተ ባትመጣ ኖሮስ?” ይሄን ያለችው ለእሱ ነው። ለእኔ አይደለም።

“እኔማ ሻዬን ጨርሼ ልፈትሸው ነበር” አለ። “ሳልፈትሽ የት እሄዳለሁ?”

“እግዜር ይስጥህ።”

ልጄ ቀና ብላ አየችው። አፏን ከፈት አደረገችና ዘጋችው። ሕፃኑን ይዛ ወደ ክፍሏ ገባች።

ከሁሉ የሚያቃጥለው ምን እንደሆነ ልንገራችሁ? የተናገረው ሁሉ ልክ መሆኑ ነው። ሰው በሰደበህ ጊዜ ውሸት ከሆነ ለራስህ ትከራከራለህ፤ ትክክል ሲሆን የት ትገባለህ?

“ተነስ” አለኝ። “መስመሩ በየት በየት እንዳለፈ የምታውቀው አንተ ነህ። አሳየኝ።”

ኮሪደሩ ጫፍ ወዳለው የማከፋፈያ ሳጥን ሄድን። ከመሬት የሚመጣው እውነተኛው ምድር ሽቦ እዚያ ነው ያለው፤ ከዚያ ነው ወደ ማሞቂያው የሚወሰደው። የሳጥኑ ክዳን በአራት ብሎን ነው የታሰረው። አምና ግድግዳውን ስቀባ ሰንፌ ክዳኑን ሳልፈታ ከነብሎኑ ቀብቼው ነበር። ኢንጂነሩ ካቻቢቴውን የመጀመሪያው ብሎን ላይ አደረገና ተጫነ። ቀለሙ ቀጭ ብሎ ተሰነጠቀና እንደ እንቁላል ቅርፊት ወደ መሬት ወደቀ።

እኔም አየሁ። እሱም አየ። ከዚያ እኔ ማየቴን አየ።

ክዳኑ ከአምና ጀምሮ አልተከፈተም። ከፍቶት ቢሆን ኖሮ፣ ከዚህ ሳጥን ወደ ሻወር ቤት የሚሄድ አንድም አረንጓዴ ሽቦ እንደሌለ ያይ ነበር። ከአምስት ደቂቃ የማይበልጥ ሥራ ነው። መክፈት የነበረበት ደግሞ ማሞቂያውን ከማሰሩ በፊት ነው እንጂ ሻይ ከጠጣ በኋላ አይደለም። “አብሪው” ሲላት ምንም አልፈተሸም ነበር። ቀለሙን ብቻ ነው ያየው።

“ምን ታያለህ?” አለኝ፣ ሳይዞር።

“ምንም።”

ሌሎቹን ሦስት ብሎኖች በፍጥነት ፈታቸው። የወደቀውን የቀለም ቅርፊት በጫማው ጫፍ ወደ ጥግ ገፋው።

ሁለት ሰዓት ያህል ሠራን። እሱ ሆዱ ኮርኒሱ ውስጥ አያስገባውም፤ እኔ ነኝ የገባሁት። በሆዴ እየተሳብኩ፣ አቧራ እያስነጠሰኝ፣ አረንጓዴውን ጎትቼ አወጣሁት፤ እሱ ከቦርሳው ቀይ ሽቦ አቀበለኝ። ከዚያ ምድሩን ዘረጋን፣ እውነተኛውን።

“ወደ ግራ!” ይላል ከታች።

“ግራ እንጨት አለ።”

“እንጨቱን ዙረው!”

“እየዞርኩት ነው፣ አታጣድፈኝ።”

“ሽቦውን እንዳትልጠው፣ በቀስታ!”

“ክር ነው የምጎትተው ሰላሳ ዓመት፤ ስለ መጎተት እንዳትነግረኝ።”

ከታች ዝም አለ። የቀድሞው ሰው ቢሆን በዚህ ቀልድ ሦስት ወር ይኖርበት ነበር።

ስንጨርስ ፈተሸ። ብዕር በሚመስለው መፈተሻው ፈተሸ፣ በኤሌክትሪክ መለኪያው ፈተሸ፣ ዋናውን አብርቶ የመስተዋቱን መብራት አብርቶ፣ ብረቱን ሦስት ጊዜ ፈተሸ። ወደ ሳጥኑ ሄዶ ተመልሶ መጥቶ አራተኛ ፈተሸ። ባለቤቴ “እንዴት ያለ ጥንቃቄ ነው” ብላ ስታደንቀው ጆሮው ቀላ። ከዚያ ልጄ ገባች፤ የውሃው ድምፅ ተሰማ፤ ሕፃኑ ትንሽ አለቀሰና ውሃው ሲሞቀው ዝም አለ። እኔ ግን ኮሪደሩ ላይ ወዲያ ወዲህ ስል ነበር። እጄን አሻሽኩ፣ ማብሪያውን አየሁ፣ ማብሪያውን አየሁ። በፎጣ ጠቅልላው ስትወጣ ነው የተነፈስኩት።

ባለቤቴ ምሳ ብላ ብትለው ሥራ አለብኝ ብሎ ቦርሳውን አነሳ። እኔም ወደ ሱቄ ልመለስ ወጣሁ። የግቢው በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ቦርሳውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

“ስማኝ ወንድሜ” አለ።

ቆምኩ።

“ያ የሳጥኑ ክዳን ነገር…”

አየሁት።

“ተቻኩዬ ነው። አንድ ቤት ይጠብቁኝ ነበር። ቀለሙን አየሁ፣ አመንኩ። አንተም ቀለሙን ባታሳስት እኮ…” አቋረጠ። “ተወው፣ እሱን አላነሳም። የምልህ፣ ከሰኞ ጀምሮ አዲስ ፈቃድ የሚያወጡትን የምፈትነው እኔ ነኝ። እህትህ ሳትነግርህ አትቀርም። ሃያ ሁለት ዓመት የጠበቅኩት ነገር ነው። ኢንጂነሩ ሳይፈትሽ አራስ ቤት ማሞቂያ ገጠመ ተብሎ አንድ ሰው ጆሮ ቢገባ… እህትህን ደግሞ ታውቃታለህ። በእሷ ጆሮ የገባ ነገር ሠፈር ነው የሚሰማው።”

ከቤት ውስጥ የባለቤቴ ድምፅ ይሰማል፤ ለጎረቤት በስልክ እያወራች ነው። “እሱ ባይኖር አልቀን ነበር” ትላለች። “እሱ” ማን እንደሆነ ሁለታችንም አወቅን። አንገቱን አቀረቀረ።

“ስህተቱ የሁለታችንም ነው” አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። “እዚሁ እናስቀረው። አንተም ለማንም አትናገር፣ እኔም የአንተን ለማንም አላወራም። ተስማማን? አይደል?”

ዘጠኝ ዓመት ያዘጋጀሁት መልስ ነበረኝ። አንድ ብቻ አይደለም፣ ብዙ ነው፤ ስፌት ላይ ተቀምጬ ሳጠራቅም የኖርኩት። አንዳንዱ አጭር ነው፣ አንዳንዱ ሰው ፊት ካልሆነ አይጥምም። ሁሉም አፌ ላይ መጡ። ከእነሱ ጋር ደግሞ የልጄ እጅ መጣ፣ ማብሪያው ላይ ሊያርፍ ሲል። ያ እጅ በእኔም አንገት ላይ ነው፣ በእሱም አንገት ላይ ነው። “እሺ” ብለው ይቅር ማለት ነው፤ “እምቢ” ብለው የእኔ ጥፋት አነሰ ማለት ነው።

“አይደል?” አለ እንደገና። “አንድ ቃል በለኝ እንጂ። ሰው እኮ ነን፤ እንሳሳታለን።”

ሜትሬን አንገቴ ላይ አስተካከልኩ።

“እንዴ፣ ሰውዬ! ልትሄድ ነው? እሺ በለኛ!”

በአጠገቡ አልፌ መንገዱን ተሻገርኩ፣ ወደ ሱቄም ሄድኩ።